ከጣሪያ ላይ የወረደው ወንበር

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ወንበር ታሪክ ላጫውታችሁ። ተረት ተረት አልልም፤ ይህ የሆነ ነገር ነው። አገሩ ሕንድ ነው፣ ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

በ1947 እንግሊዝ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ሕንድና ፓኪስታን ተለያዩ። የፑንጃብ ምድርም ለሁለት ተከፈለ፤ ዋና ከተማዋ ላሆር በፓኪስታን በኩል ቀረች። በሕንድ በኩል ያለው ፑንጃብ መዲና አልባ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃዋሃርላል ኔህሩም ያለፈው ዘመን ያልተጫናት፣ ከመሠረቷ አዲስ የሆነች ከተማ ትሠራ አሉ። ቻንዲጋር ተባለች።

ሥራው መጀመሪያ የተሰጠው ለአሜሪካዊው አልበርት ማየርና ለፖላንዳዊው ማቲው ኖቪትስኪ ነበር። ኖቪትስኪ በ1950 ከሕንድ ሲመለስ አውሮፕላኑ ግብፅ ውስጥ ተከስክሶ ሞተ። በዚህ መሐል ለ ኮርቢዚየ ገባ፤ ያኔ በዓለም ስሙ የገነነ አርክቴክት ነው። የሥጋ ዘመዱን ፒየር ዣኔሬንም አስከትሎ መጣ። ለ ኮርቢዚየ ብቅ እያለ ይመለስ ነበር። ዣኔሬ ግን እዚያው ቤት ሠርቶ፣ ከግንበኛውና ከአናጢው ጋር ውሎ እያመሸ እስከ 1965 ኖረ። በ1967 ጄኔቭ ላይ ሲሞትም አመዱ ተወስዶ ቻንዲጋር በሚገኘው የሱክና ሐይቅ ላይ ተበተነ።

እንግዲህ ከተማ ሲቆረቆር ሰው የሚያየው ሕንፃውን ነው። ፍርድ ቤቱ ቆመ፣ ጽሕፈት ቤቱ ቆመ፣ ዩኒቨርሲቲው ቆመ። ጸሐፊው ምን ላይ ይቀመጥ? ዳኛውስ? ተማሪውስ? ያን ሁሉ ወንበር ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ እዚያው ባለ እንጨትና እዚያው ባለ እጅ ይሠራ ተባለ።

ወንበሩን ልግለጽላችሁ። እንጨቱ ቲክ ነው፤ ምስጥ የማይደፍረው፣ እርጥበት የማይበግረው። መቀመጫውና መደገፊያው ራታን ከሚባል ሐረግ ልጥ ተሸምኗል፤ እንደኛ የጠፍር ወንበር አየር ያስተላልፋል፣ በዚያ ሙቀት ጀርባ አያልብም። ትልቁ ምልክቱ ግን እግሩ ነው፤ በጎን ስታዩት ሁለቱ እግሮች ተከፍቶ የቆመ የክብ መሣያ ኮምፓስ ይመስላሉ። ጌጥ የለው፣ ቅርጻ ቅርጽ የለው። የተሠራው በአንድ ፋብሪካ ሳይሆን በየአናጢው ቤት ስለሆነ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ደግሞ አንድ ነገር። ዛሬ ዋጋ መለያው ላይ የሚጻፈው የዣኔሬ ስም ብቻ ነው። ወንበሩን አብረውት የነደፉ የሕንድ አርክቴክቶች ነበሩ፤ ዩሊ ቻውዱሪ የምትባለው ሴት አንዷ ናት። የእሷ ስም ገንዘብ አያመጣም መሰለኝ፣ ብዙ ሻጭ አያነሳውም።

ወንበሮቹ ቢሮ ሲገቡ የንብረት ክፍል ሰው ተቀበላቸው። እሱም ብሩሹን አንስቶ ከጀርባቸው የመሥሪያ ቤቱን አሕጽሮተ ስምና የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም ጻፈ። በመንግሥት ቢሮ የሠራ አንባቢ ይህን አይስተውም፤ የኛም ወንበር ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ያኔ ማንም ያንን ቀለም ውበት ብሎ አላየውም።

ዓመታት አለፉ። ራታኑ ተበጠሰ፣ እግሩ ተነቃነቀ፣ ቢሮውም የብረትና የፕላስቲክ ወንበር አማረው። አሮጌዎቹ ወደ ስቶር ወረዱ፤ ስቶሩ ሲሞላ ጣሪያ ላይ ወጡ። ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁባቸው ተቆለሉ። ከዚያ «ከአገልግሎት ውጭ» ተብለው በጨረታ ለማገዶ በማይበልጥ ዋጋ ይወገዱ ጀመር። በንብረት ክፍሉ ሰው አልስቅበትም። ያረጀ ንብረት መዝግቦ ማስወገድ ሥራው ነው፤ የነገረውም የለም።

ነገሩ የገባቸው ከፓሪስ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ወደ ሺህ ዓመቱ ማብቂያ ግድም ቻንዲጋር እየተገኙ በጨረታው ተወዳደሩና በገፍ ገዙ። ፈረንጆቹን ሌባ ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን አልልም። ጨረታው በአደባባይ ነው፣ ደረሰኝም ተቆርጧል። የሕንድ የቅርስ ሕግ የሚጠብቀው በጥቅሉ መቶ ዓመት የሞላውን ዕቃ ነበር፤ ወንበሮቹ ገና ሃምሳም አልሞላቸውም። ነጋዴዎቹ ወንበሮቹን አጽድተው፣ ራታኑን አሸምነው፣ ለፓሪስ፣ ለለንደንና ለኒውዮርክ አቀረቡ። ጣሪያ ላይ የተጣለው የጸሐፊ ወንበር በሺህ ዶላሮች ይሸጥ ጀመር፤ በስብስብ ሲቀርብማ በአሥር ሺዎች።

ኤሚ ሲግል የምትባል አሜሪካዊት ይህንን በ2013 ፊልም አደረገችው። ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ትተርካለች፤ ከሀብታሞች ሳሎን ተነስታ፣ በጨረታ አዳራሹ፣ በማደሻው ቤትና በመርከቡ አልፋ ቻንዲጋር ትደርሳለች። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ፊልሙንም ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ በጨረታ ሸጠችው።

ሕንድ ዘግይታም ቢሆን ነቃች። በ2011 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ እነዚህ ዕቃዎች እንዳይሸጡና ከአገር እንዳይወጡ አዘዘ። የወጣው ግን ወጥቷል፤ ዛሬም አውሮፓና አሜሪካ በጨረታ ላይ ይውላል።

እኛ ጋ? አዲስ አበባ በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ሕንፃ የነደፈው ኢጣሊያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የውስጥ ዕቃውንም አስቦለት ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ወንበሮች ስንቱ በቁራሌው ጀርባ እንደሄዱ እንጃ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዋሽንግተንም ኑሩ ሮም፣ አንድ ቀን ውራጅ ቤት ውስጥ ያ ኮምፓስ እግር ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ልብ ይደነግጣል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ገልብጡት። አሮጌ ወንበር ከሥሩ አያብረቀርቅም፤ መጋጠሚያው ጥግ ውስጥ የዓመታት እድፍ ይኖረዋል፣ የእግሩም ጫፍ ወለል ሲታጠብ የጠጣው ውኃ ያጠቆረው ይሆናል። ራታኑ አዲስ መሆኑ አያሳስባችሁ፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መቀየሩ ያለ ነው። ስድስት ወንበር አብሮ ቀርቦላችሁ ስድስቱም በሚሊሜትር ሳይዛነፉ እኩል ከሆኑ ግን ጠርጥሩ፤ ያንን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ ነጩን ጽሑፍ ተመልከቱ። ያ የንብረት ክፍል ሰው እየሰለቸው የጻፈው ቁጥር ዛሬ የወንበሩ የልደት ምስክር ወረቀት ሆኗል፤ ስለዚህም አስመሳዩ መጀመሪያ የሚጽፈው እሱን ነው። ዕውነተኛ ከሆነ ጭረቱ በፊደሉ ላይ አልፎ ይሄዳል። ፊደሉ በጭረቱ ላይ ካለፈ፣ ቀለሙ ከጭረቱ በኋላ መጥቷል ማለት ነው። ወረቀትም ጠይቁ፤ ወንበሩ ከሕንድ መቼና በየትኛው ጨረታ ወጣ? ከ2011 በኋላ ወጣ ከተባለ ክልከላውን ጥሶ ወጥቷል፤ ተዉት።

የምትፈልጉት ቅርጹን ብቻ ከሆነ የኢጣሊያው ካሲና በ2019 ለዣኔሬ መታሰቢያ ብሎ አዲሱን ማምረት ጀምሯል፤ አዲስነቱንም አይደብቅም። አሮጌውን ካላችሁ ግን ገልብጣችሁ እዩ። ሻጩ «አይነካም» ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።