የቤተ ሰብ ወረቀት ጠባቂ ይሻል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያሉ አባቶቻችን ያስተምሩናል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን የተጻፈውም ቢሆን ጠባቂ ካላገኘ እንደማይወረስ ከታሪክ እንረዳለን። ለዚህም አንድ የኢጣልያ ነጋዴ ትቶት ያለፈው ወረቀት መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

ፍራንቼስኮ ዳቲኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1335 ዓ.ም. ገደማ በፍሎረንስ አጠገብ በምትገኘው በፕራቶ ከተማ ተወለደ። በ1348 በደረሰው ታላቅ ቸነፈር ወላጆቹን አጥቶ ገና በልጅነቱ አቪኞን ወደ ተባለችው ከተማ ሄደ፤ በዚያም በንግድ ከበረ። በኋላም በፒዛ፣ በጄኖቫ፣ በባርሴሎናና በቫሌንሲያ የንግድ ቤቶች አቆመ። እነዚህንም ሁሉ የሚመራው በደብዳቤ ነበር። ከሚስቱ ከማርጌሪታም ጋር በተለያየ ከተማ በተቀመጡ ጊዜ ስለ ቤታቸው ጉዳይ ይጻጻፉ ነበር።

ከሚስቱ ልጅ ስላልወለደ በ1410 ሲሞት ቤቱንና ሀብቱን ለፕራቶ ድኾች መርጃ ተናዘዘ። ወረቀቶቹም በዚያው ቤት ቀሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1870፣ ከደረጃ ሥር በጆንያ ታጭቀው ተገኙ። ቢቈጠሩ ደብዳቤዎቹ 150,000 ያህል፣ የሒሳብ መዝገቦቹም ከ500 በላይ ሆኑ። የነገሥታት ዜና መዋዕል ስለ ጦርነት ይነግረናል፤ የሱፍ ዋጋ ስንት እንደ ነበረ፣ ባልና ሚስትም ስለ ምን እንደ ተከራከሩ ግን የምናውቀው ከእንዲህ ያለው ወረቀት ነው።

የዳቲኒ ወረቀት የዳነው ከቤተ ሰቡ ዕድሜ የሚረዝም መኖሪያ ስላገኘ ነው። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። በጎንደር ዘመን የርስት ሽያጭ ውል በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋውና ምስክሮቹ ስለ ተመዘገቡበት ቤተ ሰቦቹ ቢበተኑ እንኳ ውሉ አልጠፋም።

በየቤታችን ግን ምን ይሆናል? አባት ሲሞት ልጆች ቤቱንና ከብቱን በሽማግሌ ይካፈላሉ። የግብር ደረሰኝ፣ የብድር ውል፣ የሱቅ ደብተርና ደብዳቤ ያለበትን ሣጥን ግን የእኔ ነው የሚል አይገኝም። ከፊሉን አይጥ ይበላዋል፤ ከፊሉም የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። በኋላ ስለ ወሰን ክርክር ሲነሣ ያን ጊዜ ይፈለጋል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ልናደርገው የምንችለው ሥራ አለ። ወላጆቻችን በሕይወት ሳሉ ሣጥኑን አብረን እንክፈት፤ በፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስምና ዘመኑን በእርሳስ እንጻፍ፤ የአንድ ጉዳይ ወረቀቶችን ሳንለያይ፣ እርጥበት በማይደርስበት ስፍራ እናኑር። ከልጆችም ማን እንደሚጠብቀው ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ይወስን። ለመላው ሕዝብ የሚጠቅም ሆኖ ሲገኝ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለወመዘክር በአደራ መስጠት ይቻላል። ሣጥኑ ዛሬ በእጃችን ነው፤ አደራውም የእኛ ነው።