ዐርባዎቹ ልጆችና የባዕድ ሰው መብት

ከፒያሳ ተነሥታችሁ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ አርመን ሰፈር የሚባለውን ስፍራ ሳታውቁት አትቀሩም። ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል፤ ለሰፈሩ ስሙን ያተረፉለት ሰዎች ግን ከጥቂት ቤተ ሰብ በቀር በዚያ የሉም። እነዚህ ሰዎች ከወዴት መጡ? በምን ሕግ ኖሩ? ስለ ምንስ ሄዱ? ታሪካቸው አጭር ቢሆንም ባዕድ ሰው በሰው አገር የሚያገኘውንና የሚያጣውን በግልጥ ስለሚያሳይ ጥቂት ልናነሣ ወደናል።

የአርመንና የኢትዮጵያ ትውውቅ የትናንት ነገር አይደለም። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የኬልቄዶንን ጉባኤ ባለመቀበል አንድ ናቸው። በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩት መነኮሳቶቻችን ርስታቸው በየጊዜው እየተወሰደባቸው በተቸገሩ ጊዜ የዕለት ምግብ ይሰጣቸው የነበረው የአርመኖች ገዳም ነው። ስለዚህ ስደተኛ ሆኖ የሌላውን እጅ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድመው የቀመሱት የእኛው ወገኖች ናቸው።

ንግሥት እሌኒም ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክት ለመላክ በፈለጉ ጊዜ የመረጡት አርመናዊ የሚባለውን ማቴዎስን ነበር። ማቴዎስ በ1505 ዓ.ም. ጎዋ ደርሶ፥ ከዚያም ወደ ሊዝቦን ተሻግሮ መልእክቱን አደረሰ። ይሁን እንጂ በመንገድ የመርከብ አለቆቹ ሰላይ ነው፥ ሐሰተኛ መልእክተኛ ነው እያሉ እጅግ አንገላቱት። ፊቱ የሐበሻ ፊት አልነበረምና ኢትዮጵያ የላከችው መሆኑን ማን ይመንለት? በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ተመልሶ የኢትዮጵያን ምድር ከረገጠ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። በሁለት አገር መካከል የሚኖር ሰው በሁለቱም ዘንድ መጠርጠሩ እንግዲህ የቆየ ነገር ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ማሳደድና መፍጀት በጀመረ ጊዜ ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ መጡ። አንጥረኛው፥ ልብስ ሰፊው፥ ቆዳ ፋቂው፥ ነጋዴው ሁሉ በከተማይቱ ሥራ አገኘ። ከእነርሱ መካከል ሰርኪስ ተርዚያን ለመንገድ ሥራ የሚሆን በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ ከባሕር ዳር አስጎትቶ ስላመጣ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው ነገር በሕዝቡ አፍ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖረ። የእጅ ሥራ በሚናቅበት፥ አንጥረኛና ፋቂ በሚሰደብበት በዚያ ዘመን እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሥራ ከቤተ መንግሥት ደርሰው መከበራቸው ለእኛ ሊያሳፍረን የሚገባ ትምህርት ነበረ።

መብታቸውስ እንዴት ነበረ? በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሣይ ጋር በተደረገው፥ በክሎቡኮውስኪ ስም በሚጠራው ውል መሠረት የውጭ አገር ሰው ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰስ ቆንስሉ በፍርድ ተካፋይ ይሆን ነበር። ይህ ለአገሪቱ ነጻነት የሚጎረብጥ ውል መሆኑን ታውቃላችሁ። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ይኸውም ቆንስል ያለው ባዕድ ከባላገሩ በላይ ሲጠበቅ፥ ቆንስል የሌለው ባዕድ ከሁሉ በታች መሆኑ ነው። አርመኖች የራሳቸው መንግሥት ስላልነበራቸው ከአንዱ የአውሮፓ ቆንስላ ጥላ ሥር ለመግባት ይጥሩ ነበር። አሳዳጃቸው የኦቶማን መንግሥት መሆኑ እየታወቀ በወረቀት የዚያው መንግሥት ዜጎች ነበሩና።

በ1907 ዓ.ም. ታላቁ እልቂት ሆነ። ከዚያ የተረፉት ሕፃናት በሶርያና በፍልስጥኤም ባሉ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ተበተኑ። በ1916 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም የሚኖሩ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ልዑልነታቸው ደስ ስለ ተሰኙ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው ልጆቹ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ቍጥራቸው ዐርባ ስለ ነበረ ስማቸው «ዐርባ ልጆች» ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት በጳጉሜን ወር ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡና የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። እነዚህ ልጆች አባት የላቸውም፤ አገር የላቸውም፤ የሚናገሩትን ቋንቋ በአዲስ አበባ የሚሰማላቸው ጥቂት ሰው ነው። በዚያው በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ለሩስያ ስደተኞች ይሰጥ የነበረውን የናንሰን ፓስፖርት ለአርመኖችም ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ያ ወረቀት ለመንገድ ይበጃል እንጂ ለመኖሪያ አገር አይሰጥም። ዐርባዎቹ ልጆች ከወረቀት የሚበልጥ ነገር አገኙ፤ ሥራ አገኙ። መምህራቸው ናልባንዲያን በ1918 ዓ.ም. ያዘጋጀው ዜማ የዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ተጨምሮበት የኢትዮጵያ ሕዝብ መዝሙር ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል የተሰማው፥ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ባለሥልጣኑና ወታደሩ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚቆምለት ዜማ ይኸው ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ወጣ። ሕጉ ባዕድ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ቢፈልግ ለአካለ መጠን የደረሰ፥ በአገሪቱ 5 ዓመት የተቀመጠ፥ ራሱን የሚችል፥ ወንጀል የሌለበትና አማርኛ አጥርቶ የሚናገርና የሚጽፍ እንዲሆን ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ይህ ከዘር ይልቅ ኑሮን የሚመዝን ስለ ሆነ ለዘመኑ ቀና ሕግ ነበረ። ዳሩ ግን የአገሩ ተወላጅ የሆነው ስንቱ በዚያ ዘመን አማርኛ ይጽፍ ነበር ብሎ መጠየቅም ይቻላል። በዚሁ ሕግ ኢትዮጵያዊት ሴት ባዕድ ብታገባና የባሏ አገር ሕግ ዜግነት ቢሰጣት ኢትዮጵያዊነቷን ታጣለች፤ ወንዱ ግን ባዕድ ቢያገባ አያጣም።

ከነጻነት በኋላ የቆንስሎች ፍርድ ቀርቶ ባዕድ ሁሉ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ይዳኝ ጀመር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቍጥር 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ደነገገ። ሕጉ የአገርን መሬት ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑ ግልጥ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ የተወለደ፥ አያቱ በዚሁ ከተማ የተቀበረ፥ አማርኛውም ከእናንተና ከእኔ የማያንስ አርመን ዜግነቱን በጽሑፍ ካላገኘ በዚህ ቍጥር ሥር ይወድቃል። በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባቢያን እንዲህ ያለ ፋይል ምን ያህል ጊዜ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እንደሚዞር ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። አመልካቹ ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ፈርሞ የሚጨርሰው ግን አይገኝም።

በዚያን ጊዜ ቍጥራቸው ከሺህ በላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሠራች፥ ትምህርት ቤታቸውም በኬቮርኮፍ ስም የሚጠራ ሆኖ ልጆቻቸው በዚያ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ከአማርኛ ጋር ይማሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች፥ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ ግን ሱቁም ቤቱም ሄደ። አዋጁ አርመኖችን ለይቶ የተነሣ አልነበረም፤ ኢትዮጵያዊውም ተወርሷል። ልዩነቱ ኢትዮጵያዊው ንብረቱን አጥቶ በአገሩ ሲቀር፥ አብዛኛው አርመን የሚያኖረውን ሥራ ስላጣ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ካናዳና ወደ ፈረንሣይ ለሁለተኛ ጊዜ መሰደዱ ነው። የመጀመሪያው ስደት ከሰይፍ ነበረ፤ ይህኛው ከአዋጅ ሆነ።

በሄዱበት አገር እንጀራ የሚጋግሩ፥ እርስ በርሳቸው በአማርኛ የሚጫወቱ፥ ከወዴት መጣችሁ ሲባሉ ከአዲስ አበባ የሚሉ አርመኖች አሉ። በዚያም ለሁለተኛ ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ተሰልፈው ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 በአገራችን ለተጠለሉ ሰዎች ሥራ የመሥራትን መብት በጽሑፍ አስፍሯል፤ ዐርባዎቹ ልጆች በአንድ ልዑል ቃል ያገኙት ይኸንኑ ነበር። በአርመን ሰፈር የቀሩት ዛሬ ከመቶ አይበልጡም፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያናቸው በበዓል ቀን እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ።