ሰልፍ፣ ወረፋና ማቆያ፦ የምርት መስመር ሒሳብ ታሪክ ከስያሜ አንጻር

የምርት መስመር ሒሳባዊ ሞዴል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የቀመሮች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ግን ታሪኩን ከስያሜ አንጻር ይመለከታል። ጥያቄው፦ ያለ ጥፋቱ ሥራው የቆመበትን ሠራተኛ አማርኛ ምን ብሎ ይጠራዋል? የሚመረጠው ቃል የመቆሙን ምክንያት ሊገልጥም ሊሸፍንም ይችላልና።

ዘርፉ የተወለደው በፋብሪካ ሳይሆን በስልክ ማዕከል ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎችን አመጣጥ በዕድል ስሌት ገለጠ፤ በ1917 ደግሞ መስመሮች ሁሉ ሲያዙ ከጥሪዎቹ ምን ያህሉ እንደሚጠፉ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በዚያ ቀመር ደዋዩ የሚጠብቅበት ስፍራ የለም፤ ማቆያው ዜሮ ነው። ዕውቀቱ ሲስፋፋ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ምስል ሰየመው። እንግሊዝኛ «ጅራት» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ወሰደ፤ ጀርመንኛ «የመጠበቅ እባብ» አለ፤ ሩሲያኛ በኪንቺን የ1955 መጽሐፍ «የብዙኃን አገልግሎት ንድፈ ሐሳብ» የሚለውን መረጠ። የስዋሂሊው «ፎሌኒ» ወታደሮችን ከሚያሰልፍ የእንግሊዝኛ ትእዛዝ የመጣ ነው። የእኛም «ሰልፍ» የጦር ሜዳ ትዝታ አለው።

አማርኛ ግን ከ«ሰልፍ» ሌላ «ወረፋ» አለው። ሰልፍ በዓይን የሚታይ፣ የሚቆጠር ነው፤ ወረፋ ተራ ነው፤ ሰው ቁጥር ወስዶ ሰልፍ ላይ ሳይቆም ወረፋ ሊይዝ ይችላል። ልዩነቱ ለሒሳቡ ይጠቅማል። ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ በሥርዓቱ ውስጥ ያሉት አማካይ ብዛት ከአመጣጥ ፍጥነትና ከአማካይ ቆይታ ብዜት ጋር እኩል ነው ይላል። ስለዚህ ብዛቱን «ሰልፍ»፣ የአገልግሎት ቅደም ተከተሉን «ወረፋ»፣ ጊዜውን «ቆይታ» ብንል ሦስቱ አይደባለቁም።

ውስን ማቆያ ያላቸውን ተከታታይ ጣቢያዎች ሃንት እ.ኤ.አ. በ1956 መረመረ። ሸሚዝ የሚሰፋበትንና ቁልፍ የሚተከልበትን ሁለት ጣቢያ እናስብ። አማካይ ፍጥነታቸው እኩል፣ የሥራ ጊዜያቸው ግን በኤክስፖኔንሻል ሥርጭት የሚለዋወጥ ይሁን፤ ለመጀመሪያው ጨርቅ አይጓደልበት። በመካከላቸው ማቆያ ከሌለ መስመሩ የሚያመርተው ከአንዱ ጣቢያ ሙሉ አቅም 2/3ኛውን ብቻ ነው። አንድ ሸሚዝ የሚይዝ ማቆያ ሲጨመር 3/4ኛ፣ ሁለት ሲይዝ 4/5ኛ፣ አሥር ሲይዝ 12/13ኛ ይሆናል። የመጀመሪያው ቦታ ብዙ ያተርፋል፤ አሥረኛው ከመቶ አንድ እንኳ አይጨምርም። ማቆያን «መጋዘን» ማለት የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ መጋዘን በሰፋ ቁጥር የሚመሰገን ነገር ነውና።

በዚህ ሞዴል የጠፋው 1/3ኛ አቅም የማንም ስንፍና አይደለም። ሰፊው ሸሚዙን የሚያኖርበት አጥቶ ይቆማል፤ ቁልፍ ተካዩ ሸሚዝ ሳይደርሰው ይቆማል። አማርኛ ለሁለቱም «ሥራ ፈታ» ይላል፤ «ሥራ ፈት» ደግሞ ስድብ ነው። የመስመሩ ጠባይ በሰው ላይ ይለጠፋል፤ ምክንያቶቹም ስለሚዋሐዱ መፍትሔው አይታይም። እንግሊዝኛ ሁለተኛውን «ረሃብ» ብሎ ይለየዋል፤ ይህ ቃል ግን በእኛ ዘንድ ለማሽን የሚውል አይመስለኝም። «መውጫ ማጣት» እና «ግብዓት ማጣት» ቢባል ልዩነቱም ይጠበቃል፣ ወቀሳውም ይቀራል።

የገበያው ፍላጎት ሲዋዥቅ ችግሩ ከመስመሩ መጨረሻ ይጀምራል። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ያስፋፋው ካንባን በጃፓንኛ «የማስታወቂያ ሰሌዳ» ማለት ነው፤ ቀጣዩ ጣቢያ ዕቃ ሲወስድ ካርዱ ይመለሳል፣ ቀዳሚው የሚያመርተው በካርዱ ፈቃድ ብቻ ነው። የካርዶቹ ብዛት የክምችቱ ጣሪያ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፍላጎት «የዘፈቀደ» ማለት ተለምዷል። ነገር ግን «ዘፈቀደ» በግዕዝ «የወደደው» ማለት ስለሆነ የባለፈቃድን ሕግ አልባነት ያሰማል። የሞዴሉ ፍላጎት ግን አስቀድሞ ባይታወቅም የሥርጭት ሕግ አለው፤ «ዕድላዊ ፍላጎት» ይቀርበዋል።

የስያሜ ሥራ ከዕውቀቱ በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ አይደለም። በመዝገብ ላይ «ሥራ ፈት» ተብሎ የተጻፈ ሠራተኛ ይገሠጻል፤ «መውጫ ያጣ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሰዎች የሚመለከቱት ከፊቱ ያለውን ማቆያ ይሆናል።