የሠርጉ ቪዲዮ ለምን አልከፈት አለ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቴሌቪዥን ማስቀመጫው ሥር ቢፈተሽ፣ በ1990ዎቹ የተቀረጸ የሠርግ ሲዲ የሚገኝበት ቤት አይጠፋም። አያት ሲመርቁ የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዴክ ውስጥ ሲከቱት ወዲያው ይጫወት ነበር። ዛሬ ዴኩ የለም። ሲዲው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ደግሞ «ዳት» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ብቅ ይልና «በምን ልክፈተው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው ይሄኔ ነው። ቆይ፣ አትጣሉት! ላይበላሽ ይችላል።

ነገሩ የጀመረው ከቦታ ጥበት ነው። የቪሲዲ አንድ ምስል ወደ ጎን 352፣ ወደ ታች 288 ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድ 25 ምስሎች ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ብንመድብ ለአንድ ሰከንድ ብቻ 7.6 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ሒሳብ ሲዲው 2 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ ሙሽራዋ ገና ከቤት አልወጣችም!

መላው የመጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ኤምፔግ ከተባለው የባለሙያዎች ቡድን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እስክስታ ሲወረድ ትከሻው ይንቀሳቀሳል እንጂ ዳሱ አይንቀሳቀስም። ታዲያ ዳሱን በሰከንድ 25 ጊዜ ለምን እንመዝግብ? የተለወጠውን ብቻ መያዝ፣ ዓይን የማይለየውን ዝርዝር ደግሞ መተው ይበቃል። በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤምፔግ-1 ምስሉ ከ50 ጊዜ በላይ ተጨምቆ 74 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ አንድ ሲዲ ላይ ገባ። ይህ የመጭመቂያና የመፍቻ ዘዴ ኮዴክ ይባላል። መፍቻው ዴኩ ውስጥ ስለነበር ስሙን እንኳ ማወቅ አላስፈለገንም።

ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፦ ለዲቪዲ ኤምፔግ-2፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኤች.264፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ኤች.265። እያንዳንዱ የራሱን መፍቻ ይፈልጋል።

የፋይሉ ቅጥያ ግን ኮዴኩን አይነግረንም። ቅጥያው የሚናገረው ስለ ጆንያው ነው፤ ውስጡ ጤፍ ይሁን ስንዴ ከውጭ አይታወቅም። «ኤምፒ4» የተባለ ጆንያ ኤች.264 ወይም ኤች.265 ሊይዝ ይችላል። ጆንያው ላይ «ስንዴ» ብሎ መጻፍ ጤፉን ስንዴ እንደማያደርገው ሁሉ፣ ቅጥያውን መቀየርም ቪዲዮውን አይከፍተውም። ምስልና ድምፅም የየራሳቸው ኮዴክ ስላላቸው ነው አንዳንዴ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ የሚጨልመው።

ታዲያ እንዴት እንለየው? ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ተማሪዎች የጀመሩት፣ ብዙ መፍቻዎችን በውስጡ ይዟል። ፋይሉን በእሱ ከፍታችሁ የኮዴክ መረጃ የሚለውን ብትነኩ የምስሉንም የድምፁንም ስም ያሳያችኋል። የሠርጉ ሲዲ ቪሲዲ ከሆነ የምታገኙት ኤምፔግ-1 ነው።

ሲዲ ግን ይጫጫራል። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን እንዳለ ሌላ ቦታ ገልብጡት፤ ኮዴኩን መለየት ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። የአያት ምርቃት አንዴ ከጠፋ ግን የትኛውም ኮዴክ አይመልሰውም።