ከለቡ እስከ ጢያ

ከአዲስ አበባው ለቡ ለሚነሣ የተማሪ አውቶቡስ የደቡቡ መንገድ ይቀለዋል። መሐል ከተማውን ሳይረግጥ በጀሞ በኩል ዓለም ገና ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ቡታጅራ ይታጠፋል። ስም ተጠርቷል፣ ምሳው በየቦርሳው ገብቷል፣ ከኋላ ወንበር ዘፈን ተጀምሯል። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላው በዚህ መንገድ ላይና ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ይገኛሉ።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። እዚህ የሚሻገሩት አዋሽን ነው፤ ሰውም ይህን ወንዝ ሲጠጋ የኖረው ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋለው ኔዘርላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጌሪት ዴከር ሲሆን፣ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለሠላሳ ዓመት ያህል አስቆፍሮበታል። ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል፤ የአዋቂ፣ የሕፃን፣ የጉማሬም ጭምር። ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ጭቃ ላይ የተወው ዱካም አለበት። የድንጋይ መሣሪያ ከሞላበት መደርደሪያ ይልቅ ተማሪን የሚይዘው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የመሣሪያው ነገር ግን በቀላሉ አይታለፍም። ጥቁሩና እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ የሚያብረቀርቀው ባልጩት በአቅራቢያው ካለ ኮረብታ የሚመጣ ነው። የጥንቱ ሰው የፈለጠውን ይህንኑ ድንጋይ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲሠሩበት ኖረዋል። መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ግን ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ጢያ ከተመዘገበ ከ44 ዓመት በኋላ።

ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ አዳዲ ማርያም ነች። የአቴና ተማሪ ፓርተኖንን ለማየት ኮረብታ ይወጣል፤ የለቡው ተማሪ ወደ መሬት ይወርዳል። ግሪኮቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን እብነ በረድ በእብነ በረድ ላይ እየደረቡ ለአቴና አምላክ ቤት ሠሩ። አዳዲ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የማይፈለገው አለት እየተፈለፈለ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ። ጫማ ወልቆ በጠባቡ መተላለፊያ ሲገባ የአውቶቡሱ ጫጫታ ራሱ ይበርዳል።

የአካባቢው ትውፊት ቤተ ክርስቲያኗን ያሠራት ንጉሥ ላሊበላ ነው ይላል። በኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ አሕመድ በሚባሉት ዘመን ተጎድታ ተረስታ እንደነበረች፣ በምኒልክ ዘመን ዳግም አገልግሎት እንደጀመረችም ይተረካል።

ጢያ ሲደረስ ደግሞ ያው ስም ይመለሳል። በሶዶ ምድር የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ሕዝቡ “የግራኝ ድንጋይ” ሲላቸው ኖሯል። አንዱ ስም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አንድ ቦታ አፍራሽ፣ ሌላ ቦታ አቋሚ ሆኖ ይሰማል! ለማይታወቅ ግዙፍ ነገር ሁሉ የሚታወቅ ኃያል ባለቤት መፈለግ የአፍ ታሪክ ልማድ ይመስላል። ኢማሙ የ16ኛው መቶ ዘመን ሰው ሲሆኑ ድንጋዮቹ ግን ከእርሳቸው በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። የጢያዎቹ ቁጥር 36 ነው፤ 32ቱ ተቀርጸዋል። አብዛኛው ቅርጽ ሰይፍ ነው፤ ክብ ምልክትና የእንሰት ቅጠል የሚመስል ነገርም አለ፤ የምልክቶቹ ትርጉም ግን እስካሁን አልተፈታም። ከሥራቸው በተደረገው ቁፋሮ እግራቸው ታጥፎ የተቀበሩ ሰዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ነው የሚባለው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሲሰማ ጥቂት ዝም ይላል።

ጥቂት ብቻ። ወዲያው ማን ብዙ ሰይፍ ያለበትን ድንጋይ እንዳገኘ ክርክር ይነሣል፤ ቆጠራው ሹፌሩ ክላክሱን እስኪጫን ይቀጥላል።