የሕፃናት ስም አወጣጥ

የሕፃናት ስም አወጣጥ አዲስ ለተወለደ ልጅ ማን፣ መቼና በምን ልማድ መጠሪያ እንደሚሰጠው የሚወስን ሥርዓት ነው። ከአገር አገር የሚለያየው በስሞቹ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ልዩነት ያለው የመሰየሙ ሥልጣን የማን ነው በሚለው ላይ ነው። በአንዱ ሕዝብ ዘንድ ወላጅ ወይም አያት፣ በሌላው ቄስ፣ በሌላው የተወለደበት ዕለት ራሱ፣ በሌላው ደግሞ የመንግሥት መዝገብ ይወስናል። በተለይ የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር ሰውየውን የሚወክለው የራሱ ስም ስለሆነ አመራረጡ የበለጠ ይታሰብበታል።

በኢትዮጵያ

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስም አለው። አንዱ ወላጆች፣ አያት፣ አንዳንዴም ጎረቤት የሚያወጡለት የዓለም ስም ነው። ሁለተኛው ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። ይህን ብዙ ጊዜ ካህኑ የዕለቱን ቅዱስ አይቶ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ ወይም አመተ ሥላሴ ብሎ ይሰይማል። የክርስትና ስም ለቁርባን፣ ለጸሎትና ለፍትሐት ያገለግላል እንጂ በገበያ አይጠራም። እንዲያውም ብዙ ሰው ይደብቀዋል። በክታብና በብራና ጥቅልል ላይ ለመድኃኒትነት የሚጻፈው የባለቤቱ የክርስትና ስም ነውና፣ ክፉ የሚያስብ ሰው እጅ ከገባ ለመተትም ይውላል ተብሎ ይፈራል።

ነገሥታት ሲነግሡ የመንግሥት ስም ይጨምሩ ነበር። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ስመ መንግሥት ያደረጉት ኃይለ ሥላሴ የተባለውን የክርስትና ስማቸውን ነው። ምንትዋብ እየተባለች የምትታወቀው የጎንደር እቴጌ ደግሞ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር።

የዓለም ስም የቤቱን ሁኔታ ያወራል። ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ይላል፤ እንዳያጣው የሰጋ ኑርልኝ ይላል፤ ብዙ መከራ ያሳለፈች እናት ስንታየሁ ትላለች። ደመኛ ወይም ባላንጣ ያለበት ሰው ለልጁ ያወጣቸው ደምመላሽና ማንደፍሮ ሰሚያቸው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ብዙዎቹ ስሞች፣ አበበ፣ ተሰማ፣ በለጠ፣ ዘነበ እንደሚባሉት፣ ያለቀ ዐረፍተ ነገር ናቸው። ልጁ በተጠራ ቁጥር መልእክቱ ለመንደሩ ይደርሳል። በዚህ ልማድ ስሙ ስለ ልጁ የሚናገረው ጥቂት፣ ስለ ወላጁ የሚናገረው ብዙ ነው ማለት ይቻላል፤ ማስረሻ የተባለ ሰው አይቶት የማያውቀውን ሟች ዕድሜ ልኩን በስሙ ይዞ ይዞራል።

በሙስሊሞች ዘንድ ስም ከተወለደ በሰባተኛው ቀን ከሚታረደው ዐቂቃ ጋር ይያያዛል። የነቢያትና የሰሓቦች ስም ቢበዛም፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች ተዋልደው በሚኖሩበት በወሎ የአባቱ ስም ከአንዱ፣ የልጁ ስም ከሌላው ሃይማኖት የሆነ ሰው ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሕጉና ልማዱ የተለያዩበት ቦታም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ዛሬም መታወቂያና ፓስፖርት ላይ የሚሰፍረው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም።

ዕለቱ የሚሰይማቸው

በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ልጁ የተወለደበት ሰዓት ወይም የአየሩ ሁኔታ ስም ይሆናል። ቀን የተወለደ ጉዮ፣ ንጋት ላይ የተወለደ ቦሩ፣ ማምሻ ላይ የተወለደ ገልገሎ፣ በዝናብ የተወለደ ሮባ ይባላል። ለበኩር ወንድ ልጅ ደግሞ ጉቢሳ የተባለ ትልቅ የስም ማውጫ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል።

ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው የወሰዱት የጋና አካኖች ናቸው። እያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን ለወንድና ለሴት የተመደበ ስም አለው። ሰኞ የተወለደ ኮጆ፣ የተወለደች አጆዋ ትባላለች፤ ዓርብ ኮፊና አፉዋ፣ ቅዳሜ ኳሜና አማ፣ እሑድ ኳሲና አኮሱዋ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ገና ሳይወለድ ሊጠራባቸው የሚችሉት ስሞች ይታወቃሉ፤ ወላጅ የሚመርጠው ተጨማሪውን ስም ነው። በስምንተኛው ቀን ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደጅ ይወጣና ጠብታ ውኃ፣ ቀጥሎም ጠብታ አልኮል ምላሱ ላይ ይደረግለታል፤ ውኃውን ውኃ፣ መጠጡን መጠጥ ብሎ እውነት የሚናገር ሰው እንዲሆን ነው። የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1938 ዓርብ ዕለት ከመንትያ እኅቱ ጋር ተወለደ፤ አናን ማለት አራተኛ ልጅ መሆኑን ያመለክታል። እኅቱ ኤፉዋ አታ ተባለች፤ አታ የመንታ ልጅ መጠሪያ ነው።

የዕለት ስሞቹ በባሪያ መርከብ አትላንቲክን ተሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1739 ከእንግሊዞች ጋር ውል የተፈራረመው፣ ከባርነት ያመለጡት የጃማይካ ማሩኖች መሪ ከጆ ስሙ የመጣው ኮጆ ከሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1763 በዛሬዋ ጋያና፣ በበርቢስ፣ የተነሣውን ዓመፅ የመራው ከፊም የኮፊ ሞክሼ ነው። ቋንቋቸውን፣ አገራቸውንና ነፃነታቸውን የተነጠቁ ሰዎች የተወለዱበትን ቀን ለልጅ ልጅ ማስተላለፋቸው የዚህን ልማድ ጽናት ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ያሳያል።

በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ቀኑን ሳይሆን የአወላለዱን ተራ ይከተላሉ፦ ዋያን፣ ማዴ፣ ኞማን፣ ከቱት፤ አምስተኛው ተመልሶ ዋያን ይሆናል። ኢንዶኔዥያ ለአሥርተ ዓመታት ሁለት ልጅ ይበቃል ስትል ስለኖረች ሦስተኛውና አራተኛው ስም እየተመናመኑ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የደሴቲቱ አስተዳደር አራት ልጅ መውለድን ማበረታታት ጀመረ።

መዝገቡ ሲወስን

አይስላንድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አትሆንበትም፤ እዚያም አብዛኛው ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የዮን ወንድ ልጅ ዮንሶን፣ ሴት ልጁ ዮንስዶቲር ትባላለች፤ የስልክ ማውጫውም ይደረደር የነበረው በራስ ስም ፊደል ተራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1996 ፕሬዚዳንት የነበሩትን ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን ሕዝቡ የሚጠራቸው ቪግዲስ ብሎ ነው። ሥርዓቱን ሕግ ይጠብቀዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝ ተከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የስም ኮሚቴ ተቋቋመ። አዲስ ስም የሚፈቀደው በአይስላንድኛ ሰዋስው ሊረባና በቋንቋው ፊደል ሊጻፍ ከቻለ ነው። ጥበቃው አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። ብላይር የሚለውን ስም ኮሚቴው የወንድ ነው ብሎ ስለከለከለ፣ አንዲት ልጅ በመንግሥት ሰነዶች ላይ «ልጃገረድ» ተብላ አደገች። ይሁንና አይስላንዳዊው ደራሲ ሃልዶር ላክስነስ በልብ ወለዱ ይህንኑ ስም ለሴት ገጸ ባሕርይ ሰጥቶት ነበር። የሬይክያቪክ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ስሟን ፈቀደላት።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1803 ጀምሮ ስም ከቀን መቁጠሪያዎችና ከጥንታዊ ታሪክ እንዲመረጥ ታስገድድ ነበር፤ ወላጆች ስም በነፃነት እንዲመርጡ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 ዜጎቿ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዘች። ሞንጎሊያ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1925 የጎሣ ስምን ከለከለች፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲፈቀድ ብዙ ሰው የጄንጊስ ካንን ጎሣ ስም ቦርጂጊንን መረጠ። ያለቅጥ መብዛቱ ስሙን ለመለያነት የማይጠቅም አደረገው። በዚያው አገር ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ክፉ መንፈስን ለማታለል ሕፃኑን ኔርጉዊ፣ ማለትም ስም የለሽ፣ ወይም ኤነቢሽ፣ ማለትም ይኼ አይደለም፣ ይሉታል። ይህን ጭንቀት ማስረሻንና ምትኩን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል።

የቅርብ ጊዜ አዝማሚያ

በከተማ ዐረፍተ ነገር የሆኑት ስሞች እያነሱ፣ አጫጭርና በሌላ ቋንቋ ለመጥራት የማያስቸግሩ ስሞች እየበዙ ነው፦ ናሆም፣ ሶልያና፣ ሄራን፣ አሜን። የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ደግሞ ቀድሞ ከነበራቸው የክርስትና ስምነት ወጥተው የቤት መጠሪያ ሆነዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወላጆች ቅጹ የሚጠይቀውን የቤተሰብ ስም ቦታ በአባት ወይም በአያት ስም ይሞላሉ። ስለዚህ እናትና ልጅ በሰነድ የማይዛመዱ መስለው በየድንበሩ ማብራሪያ ይጠየቃሉ።

እጅግ የተለየው ታሪክ የቤተ እስራኤላውያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ሲገቡ፣ ብዙዎች ከባለሥልጣናትና ከመምህራን የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ የአባት ወይም የአያታቸው ስምም ቋሚ የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ከልጆቻቸው መካከል ካደጉ በኋላ ወደ ትውልድ ስማቸው የተመለሱ፣ ሁለቱንም አጣምረው የሚጠሩበት፣ በዕብራይስጡ የቀሩም አሉ።