የማታሪ ግቢ እና «እብድ» የሚለው ቃል



ናይሮቢ ያላችሁ በቲካ መንገድ ስታልፉ የማታሪ ሆስፒታልን አጥር ታውቁታላችሁ። ስሙ እዚህ አገር ለቀልድና ለስድብ ነው የሚነሳው። ታሪኩ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ እኛንም ይመለከታል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው በመጀመሪያ የፈንጣጣ ሕሙማን ማግለያ ነበር። በ1910 እንግሊዞች የእብዶች ማቆያ አደረጉት። በ1924 «የማታሪ የአእምሮ ሆስፒታል» ተባለ። ግቢው ውስጥ አውሮፓዊው፣ ሕንዱና አፍሪካዊው ለየብቻ ነበር የሚያዙት። በሽታው አንድ ሆኖ አልጋው በቆዳ ቀለም ይለያይ ነበር።

ኤሊጃ ማሲንዴን አስታውሱ። ከምዕራብ ኬንያ የተነሳ፣ በወጣትነቱ ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። የቅኝ ገዢዎችን የግዳጅ ሥራ ተቃወመ፣ ነጮቹ አገራችንን ይልቀቁ አለ። በ1945 «አእምሮው ታውኳል» ተብሎ ማታሪ ገባ፤ የተለቀቀው በ1947 ነው።

ከ1938 ጀምሮ ሆስፒታሉን ይመራ የነበረው ካሮተርስ ሲሾም በአእምሮ ሕክምና አልሰለጠነም ነበር። በ1953 ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፈው ጥናት አፍሪካዊውን አንጎሉ በቀዶ ሕክምና ከተነካ አውሮፓዊ ጋር አመሳሰለው። በዓመቱ ደግሞ የማው ማውን ትግል የአእምሮ ቀውስ አድርጎ ጻፈ። የተነጠቀው መሬት ጉዳይ ወደ ጎን ተባለ። ራሱ የአእምሮ ሐኪም የነበረው ፍራንዝ ፋኖን በ1961 መጽሐፉ ይህን አስተሳሰብ ተቃውሞ ጻፈ።

ይህን የምነግራችሁ ሕመሙ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው። በበረሃ፣ በእስር ቤት፣ በባሕር ላይ ያየነውን የምናውቀው እኛ ነን። ውሸቱ ታማሚው ሰው አይደለም የሚለው ነው። ያ ውሸት ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላም በእኛ አፍ ውስጥ ቀርቷል። «እብድ ይሉኛል» ብሎ፣ «ፕሮሰሴ ይበላሽብኛል» ብሎ ሕመሙን ደብቆ ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ወንድም፣ የተቀመጠች እህት አውቃለሁ።

ስለዚህ ጎረቤታችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ ብቻውን ማውራት ከጀመረ አትሳቁበት። እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ጠበል የሚፈልግም ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሁን። አሜሪካና ዓረብ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ፣ ስትደውሉ «ብሩ ደረሰህ ወይ?» ብቻ አትበሉ። «እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ?» ብላችሁም ጠይቁን።